የሰፈራችን ቦይ ከግንዛቤው በፊት መውጫ ይሰጠው

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤ እንዲሁም በዚህ ሰሌዳ አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው ለሚያነቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች።

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ አንድ ደብዳቤ ይደርሰናል። ደብዳቤው ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚለወጠው ቀኑና ቁጥሩ ብቻ ነው። ኅብረተሰቡ በጽዳት ረገድ ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ የፍሳሽ ቦዮች በቆሻሻ እየተደፈኑ ነውና ነዋሪው አካፋና ዶማ ይዞ በዘመቻ እንዲወጣ ይላል። እንወጣለን። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ተማሪው ሳይቀር ይወጣል። ጭቃውን፣ ፌስታሉን፣ የሃይላንድ ጠርሙሱን ከቦዩ እናወጣና ዳር ዳሩን እንከምራለን። የሚያነሣው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ከመኪናው በፊት ዝናቡ ይመጣና የከመርነውን ሁሉ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል። በዓመቱ ደግሞ ያው ደብዳቤ፤ ግንዛቤያችሁ ዝቅተኛ ነው።

እኛ ይህን ቃል ጠግበነዋል። ስለዚህም ማኅበሩ በሰሌዳው ላይ ሐሳቡን በግልጽ ለማውጣት ወስኗል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሰፈሩን ኑሮ ለማሻሻል ተብሎ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓይነት የአስተዳደር ማሻሻያ መጥቷል። ስሙ ተለውጧል፤ ማኅተሙ ተለውጧል፤ የበሩ ታፔላ ተለውጧል። ያልተለወጠው የሰፈሩ ገንዘብና የሰፈሩ ውሳኔ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። የወጣው ተመልሶ አይወርድም፤ የሚወርደው ጎርፉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ መሬታችን እንናገር፤ ቢሮ ተቀምጦ ካርታ የሚያይ ሰው ይረሳዋልና። ደሴ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ጦሳ ላይ የዘነበ ዝናብ ሌላ መሄጃ የለውም፤ በእኛ ጓሮ፣ በእኛ ደጅ፣ በእኛ መተላለፊያ አልፎ ቦርከና ይገባል። ሣርና ቁጥቋጦ በነበረበት ዘመን ዳገቱ ውሃውን ይዞ ቀስ አድርጎ ይለቀው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ ሲሚንቶ ነው፤ የተነጠፈ ድንጋይ ነው። ውሃው አይሰርግም፤ ይሮጣል። የሚሰርገውም ቢሆን የሚሰርገው ክፉ ቦታ ነው። የደሴ ዳገት ከላይ የተንከባለለ አፈርና ድንጋይ የተከመረበት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ የሚንሸራተት መሬት እንደሆነ የመሬት አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ጥናቱን ማገላበጥ የሚከብደው ሰው ካለ የግድግዳችንን ስንጥቅ መጥቶ ማየት ይበቃዋል።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የተሠራው ቦያችን መጨረሻ የለውም። ከላይ ከመንገዱ ይነሣል፤ በሰፈሩ መካከል ይወርዳል፤ ከታችኞቹ ቤቶች ጓሮ ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወስደው ቱቦም ሆነ ግንብ የለም። ውሃው እንደ ፏፏቴ እየወደቀ መሬቱን ይቦረቡራል። ዱሮ ልጆች ይዘሉት የነበረው ቦረቦር ዛሬ በሬ ቢገባበት በገመድም አይወጣ። ከአፋፉ ያሉት ቤተሰቦች በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ሌባ ፈርተው እንዳይመስላችሁ፤ ማድ ቤቱ ልጅ ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ማኅበሩ አራት ደብዳቤ ጽፏል። ለመጀመሪያው የተሰጠው መልስ ጉዳዩ ከዘመኑ እቅድ ውጭ ነው የሚል ነው። ለሁለተኛው፣ የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው። ሦስተኛው መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። አራተኛውን ይዘን በአካል ስንሄድ ‹‹እስቲ እናንተ መጀመሪያ ቦዩን አጽዱ›› ተባልን። እንዴት ነው ነገሩ? መውጫ የሌለው ቦይ ቢጸዳ ውሃው ከቀድሞው ይበልጥ ፈጥኖ ጓሮ ነው የሚገባው። ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አያሻም፤ ልጆች በጭቃ ሲጫወቱ ያውቁታል።

ስለ ኮብልስቶኑም አንዳንድ ነገር ማለት አለብን፤ ቦዩ ከእሱ ጋር የመጣ ነውና። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ብድርና እርዳታ የከተሞች የአካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ደሴና ኮምቦልቻ ገና ከመጀመሪያው ከገቡት ጥቂት ከተሞች መካከል ነበሩ። በብዙ ሰፈር ድንጋይ ተነጠፈ፤ ነዋሪውም መዋጮውን ከፈለ። ድንጋዩ ደግ ሥራ ነው፤ አንክድም። ነፍሰ ጡር በቃሬዛ የምትወርድበት ጭቃ ቀርቷል፤ ድንጋይ ፈልጠው፣ ጠርበው፣ አንጥፈው ብዙ ወጣቶች እንጀራ በልተውበታል። ነገር ግን ሥራው የሚቆጠረው በመንገድ ሜትር ነበርና መንገዱ ካለቀበት ቦዩም አለቀ። ውሃው የት ይግባ የሚለው በማንም ሜትር ውስጥ አልገባም።

ኋላ ደግሞ ከተሞች በየዓመቱ እየተመዘኑ እንደ ውጤታቸው ገንዘብ የሚያገኙበት አሠራር መጣ። ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ የሕዝብ ተሳትፎ ነው። የተሳትፎው ማስረጃ ምንድን ነው ብትሉ ቃለ ጉባኤና የፊርማ ወረቀት ነው። እኛም ፈርመናል። ለቆሎና ለውሃ ተብሎ ስማችንን የጻፍንበት ወረቀት ለተሳትፎ ይዋል ለሌላ፣ የተነበበልን የለም። የሰፈራችንን ሰው ‹‹ቦዩ በየት ይውጣ?›› ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ እማማዎቹ በጣታቸው ያሳዩት ነበር። ውሃው በየት እንደሚሄድ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ መሐንዲስ አልተወለደም።

አንዳንድ ሰው ‹‹ታዲያ ቆሻሻውን ቦዩ ውስጥ የሚጥለው ማነው?›› ሊለን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌሊት በፌስታል ቋጥሮ የሚጥል አለ። እናውቃቸዋለን፤ በቅሬም ተመክረዋል። ግን ነገሩን እስከ ሥሩ እንየው። የቆሻሻ ገንዳው ያለው ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከላይኛው ሰፈር አንዲት አሮጊት ማዳበሪያ ተሸክማ እዚያ ለመድረስ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ተመልሳ ዳገቱን ትወጣለች። ስትደርስ ገንዳው ሞልቶ ውሻ ያገላብጠዋል። ቤት ለቤት የሚሰበስቡት የተደራጁ ልጆች ዳገቱን በጋሪ አይወጡትም፤ ጀርባቸው ነው ጋሪያቸው። በእኛ በኩል ወርኃዊውን ብር እንከፍላለን። የልጆቹን ክፍያና የገንዳውን መነሻ ቀን የሚወስነው ግን ሌላ ነው። አንድ ወር ሳይመጡ ሲቀሩ የምንጠይቀው የለንም፤ የምንቀጣው የለንም፤ ገንዘቡን ይዘን የምንጠብቅበት መብትም የለንም። ከፋዩ እዚህ፣ አዛዡ እዚያ ሆኖ አገልግሎት ቢበላሽ ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ ዛሬ በሕዝቡ አፍ የሚነሣው ቤት በመውረሱ ነው። የወረሰውን ወርሷል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ ዛሬ አንገባበትም። ያው አዋጅ ግን የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር፣ ቀበሌ ያልነውን፣ አቋቁሟል። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች እንዲያስተዳድርና ኪራዩን እንዲሰበስብ አደረገው። የሰበሰበውንም ኪራይና ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ ርካሽ ቤት ለመሥራትና የሰፈሩን ኑሮ ለማሻሻል እንዲያውለው፣ ከመሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖም ትምህርት፣ ጤና፣ ገበያና መንገድ እንዲያቋቁም በሕግ ሥራ ሰጠው። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ከሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ለሰፈሩ ይውላል። በወረቀት ላይ ያለው ይኼ ነው።

በተግባርስ? ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌው ጡንቻ ፈረጠመ። ጥበቃው ታጠቀ፤ ፍርድ ሸንጎው ተስፋፋ። ቦይ ይቆፍርበታል የተባለው ጽሕፈት ቤት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሰው ታስሮ የሚታደርበት ሆነ። ከዚያ በኋላም ቀበሌ ሲባል ለሕዝቡ ትዝ የሚለው ስኳር፣ መታወቂያና ብሔራዊ ውትድርና ነው። ኪራዩም በዚያው በ1967ቱ ልክ ለረጅም ዘመን ስለቆየ ጣራ ለመቀየር እንኳ አልበቃም። አባቶቻችን ‹‹ቀበሌ ጠራኝ›› ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ዱሮ ጥሩ ነበር፣ ይመለስልን እያልን አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይተረጉመን። ከዚያ ዘመን የምንፈልገው አንዲቷን አንቀጽ ብቻ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይናገራል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ እንዲሳተፍ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል። ይህን ሕግ ለመጥቀስ ጠበቃ መሆን አይጠይቅም፤ አማርኛ ማንበብ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ እናንተም ታስታውሱታላችሁ። በ1990ዎቹ የክልላችን ከተሞች በአዲስ መልክ ተደራጁ፤ ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት፣ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት የሚባል ክፍል መጣ። ቀበሌዎች ተዋሐዱ፤ ተከፈሉ፤ ቁጥራቸው ተለወጠ፤ ክፍለ ከተማ ተጨመረ። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። (300 ሰው የሚያስቀምጥ አዳራሽ ያለው ቀበሌ የት እንደሆነ ግን ያኔም ማንም አልነገረን።) በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. እንደገና ተመረጠ። የሚቀጥለው በ2010 ዓ.ም. መደረግ ነበረበት፤ ተላለፈ። በ2005 የመረጥናቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹ አገር ለቀዋል፤ በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች በቁመት ሊደርሱብን ነው። ታዲያ ስለ ቦያችን በስማችን የሚናገረው ማነው? የተሾመው ነው። የተሾመ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ደጎችም አጋጥመውናል። ግን የሚፈራው የሾመውን እንጂ ማድ ቤቷ ሊሄድባት ያለችውን ሴትዮ አይደለም።

የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን ጉዳይ ለብቻ እናንሣው፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና። በሰፈራችን በአንድ ግቢ ብዙ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት የሚገለገልባቸው ቤቶች አሉ። ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫው መኪና በጠባቡ ቁልቁለት አይገባም፤ ቱቦውም አይደርስም። አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቤቱ የመንግሥት ነዋ! ነዋሪው አዋጥቶ በራሱ ገንዘብ ልሥራ ቢል፣ ያለ ፈቃድ ግንባታ ይባላል። አይ መንግሥት ይሥራው ቢባል፣ በጀት የለም። አንድ ግቢ ሰዎች ለሽንት ቤታቸው አዋጥተው፣ ድንጋይ አቅርበው፣ ለፈቃዱ ሲመላለሱ ድንጋዩ ላይ ሣር በቀለበት። ክረምት ሲመጣ የሞላው ጉድጓድ ይገነፍላል። የሚገነፍለውም ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው መውጫ ወደሌለው ቦይ። ልጆች በባዶ እግራቸው ይሻገሩታል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ስለ እጅ መታጠብ እንማራለን። እጃችንን ለመታጠብስ ውሃው በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?

እስቲ ንገሩን፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የጎደለው ግንዛቤ የቱ ላይ ነው? ሰዎቹ ሽንት ቤት እንደሚያስፈልግ አውቀዋል፤ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ድንጋይ አቅርበዋል። የጎደለው አንዲት ፊርማ ናት። ያቺን ፊርማ የያዘው ሰው ደግሞ ሽንት ቤቱ ቤቱ ውስጥ ነው።

ሕዝቡ በራሱ መሥራት እንደሚችል ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሂድ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ፣ እስከ ኅዳር 27 ድረስ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ ቢሮ የለ፣ ባንክ የለ፣ መብራት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። ሕዝቡን ያቆየው ምንድን ነው? ጎረቤት ነው፤ ቅሬ ነው። የሞተውን የቀበረ፣ የታመመውን በቃሬዛ የተሸከመ፣ ከምንጭ የተቀዳውን ውሃ በጀሪካን የተካፈለ፣ ያለው ለሌለው ዱቄት የሰፈረ ቅሬው ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይል፤ በወሎ ደንብ። ያንን ሁሉ ያለ ደብዳቤ ሠራን። ቢሮው ሲከፈት ግን ቅሬው እንደገና ‹‹ሕጋዊ ሰውነት አላችሁ ወይ?›› ተባለ። በልቅሶ ጊዜ ያልተጠየቅነውን በቦይ ጊዜ ተጠየቅን።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ብዙዎቻችን ዘመድ እዚያ አለን፤ ልጆቻችንም በፋብሪካው በየፈረቃው ይሠራሉ። ቦርከና ከእኛ ተነሥቶ በዶሮ መዝለያ ገደል አልፎ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እኛ የጣልነው ፌስታል፣ ከእኛ ግቢ የገነፈለው ጉድጓድ፣ ከእኛ ቦረቦር የተቆረሰው አፈር እዚያ ነው የሚያርፈው። የኮምቦልቻ ወንድሞቻችን ደግሞ በበኩላቸው የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። እንጀራ ነው፤ አንነቅፍም። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የታተሙ ጥናቶች በከተማዪቱ መካከል በሚያልፉት በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮሚየምና ሌላም ብረት ነክ ነገር እንዳገኙ ጽፈዋል። ክሮሚየም ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል ነው። ለዮሌና ወርቃም ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከና ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ እዚያ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት በበጋ ይጠጣዋል፤ በመጨረሻም አዋሽ ይገባል።

እንግዲህ አንድ ወንዝ ነው። አስተዳደሩ ግን ሁለት ነው፤ ከታች ሦስትና አራት ይሆናል። ደሴ ስትመዘን ደሴ ብቻ ናት፤ ኮምቦልቻ ስትመዘን ኮምቦልቻ ብቻ። ደሴ ቆሻሻዋን ወደ ቦርከና ብትለቀው ከደሴ ውጤት ላይ የሚቀነስ ነጥብ ያለ አይመስለንም። ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ዳር ቤቱ በጎርፍ የተጠቃ ሰው ማንን ይክሰስ? እኛን ነው? ዝናቡን ነው? ሁለቱ ከተሞች በታክሲ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ተቀራርበው፣ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሕዝብ ይዘው፣ ስለ አንዱ ወንዛቸው በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ቋሚ ሸንጎ ቢኖር ይህን ያህል ከባድ ነበር? ለእግር ኳስ እንኳ ይገናኛሉ።

ልጆቻችን ከስልካቸው አንብበው የተረጎሙልን አንድ ነገር አለ፤ ለሰፈራችን በቀጥታ ስለሚጠቅም እንጽፈዋለን። ፓኪስታን አገር፣ ካራቺ በምትባል ከተማ፣ ኦራንጊ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አክታር ሐሚድ ካን የሚባሉ አዛውንት ወደዚያ ሰፈር ገብተው ሰውን በየመተላለፊያው አደራጁ። በአንድ መተላለፊያ ያሉ ሃያ ሠላሳ ቤቶች አንድ ሆነው፣ አዋጥተው፣ ተወካይ መርጠው፣ የሽንት ቤታቸውንና የመተላለፊያቸውን ቱቦ ራሳቸው ቀበሩ። ሥራው ለሁለት ተከፈለ። የቤትና የመተላለፊያው የነዋሪው ድርሻ ሆነ፤ ዋናው መውረጃና ማጣሪያው የመንግሥት ድርሻ። መሐንዲሶቹ ለሕዝቡ ልክ አሳዩ፤ ዕቃ አዋሱ፤ ገንዘቡን ግን አልነኩትም። ሕዝቡም በኮንትራክተር ከሚጠየቀው እጅግ ባነሰ ዋጋ ሠራው። ያን ጊዜ የኦራንጊ ሰው አብዛኛው ከእኛ የተሻለ አልተማረም።

የምንጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። የመተላለፊያውን ቦይ እኛ እንሥራ፤ እንጠግን፤ እንጠብቅ። ድንጋይ አለን፤ ግንበኛ አለን፤ የሰው ጉልበት አለን። ከመጨረሻው ቤት ጓሮ እስከ ወንዙ ያለውን መውረጃ ግን፣ ጋቢዮኑንና የድጋፍ ግንቡን ጨምሮ፣ ከተማው ይሥራው፤ ያ በመዋጮ የሚሆን ነገር አይደለምና። መቼ እንደሚሠራውም በጽሑፍ ይስጠን፤ ቀኑም ከሰኔ በፊት ይሁን። ከምንከፍለው የጽዳት፣ የኪራይና የልማት መዋጮ ላይ የተወሰነው እጅ በቀበሌው እንዲቀር፣ ምን እንደተሠራበትም በዚህ ሰሌዳ ላይ እየተለጠፈ ሁሉም እንዲያነበው ይደረግ። የግቢ ሽንት ቤትን የመሰለ ጉዳይ ፈቃዱ በቀበሌ ደረጃ በቀናት ውስጥ ያልቅ፤ ለጉድጓድ መቆፈር ከንቲባ ድረስ መውጣት ለከንቲባውም ውርደት ነው። የተላለፈው የቀበሌ ምርጫም ይደረግልን።

‹‹ሰፈር ገንዘብ ቢሰጠው ይበላዋል›› የሚሉ አሉ። ሊበላ ይችላል። ነገር ግን የቅሬው ገንዘብ ያዥ አንድ ብር ቢያጎድል በማግሥቱ ልቅሶ ቤት ፊት ለፊት እንገናኛለን፤ ሚስቱም ገበያ ላይ ትጠየቃለች። ከላይ የጎደለ ገንዘብ ግን የምንሰማው ኦዲት በሬዲዮ ሲነበብ ነው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ፤ ያውም ስም ሳይጠራ።

ስለ ኮሪደር ልማቱም ዝም ብለን አናልፍም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ ለደሴና ለኮምቦልቻም ደርሷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አበባ ደስ ይላል። ደሴ የሚለው ስም ራሱ ከደስታ የመጣ ነው ይባላል፤ ብታምር ማን ይጠላል? የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለሚመለከተው ሁሉ፤ በትሕትና። ያ ሁሉ የተነጠፈ ንጣፍ ዝናብ ሲዘንብበት ውሃውን ወዴት ነው የሚለቀው? ከመንገዱ በታች ያለነው እኛ ነን። ከፊት ለፊት የተዋበው መንገድ ከጀርባው ያለውን ሰፈር የሚንደው ከሆነ፣ አበባውን የሚያጠጣው ሰው ውሎ አድሮ ቤት አይኖረውም። ዲዛይኑን እንድናይ ጠይቀናል። ‹‹ቴክኒካል ነው፤ አይገባችሁም›› ተባልን። ይግባን አይግባን ውሃው እኛ ቤት ነው የሚገባው!

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን። አምስተኛው ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ ከአራቱ የቀድሞ ደብዳቤዎች ግልባጭ ጋር ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማውና ለከተማው ይገባል። ለኮምቦልቻ የቦርከና ዳር ሰፈሮችም አንድ ቅጂ በሰው እንልካለን። ፊርማው የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከቅሬው ስብሰባ በኋላ በድንኳን ማስቀመጫው ቤት ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይምጣ፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የግል ቤት ባለቤት፣ ደባል ሳይባል ሁሉም ይፈርማል። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ወይም ጓሮው የተናደበት ሰው በስልክ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ለጸሐፊው ይስጥ፤ ስልክ የሌላቸው እማማዎችና አባባዎች ለጎረቤት ልጅ ይንገሩ፤ መጥቶ ያነሣላቸዋል። ከመፈረማችሁ በፊት ደብዳቤው ሙሉውን ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሳይነበብ የሚፈርም አይኖርም።

ይህን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ የሚቀድ ሰው ካለ አይድከም፤ ፎቶ ኮፒው በየሱቁ ተቀምጧል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ደሴ